ስለሺ ያወራ ዕለት

የመተንፈሻ ቱቦው ከጉሮሮዋ የወጣው ጠዋት ላይ ነበር። ሰርክአዲስ ተገላገልኩ ብላ ሳትጨርስ፣ ነርሱ ኦመር አፍና አፍንጫዋን የሚሸፍን ጭምብል አምጥቶ ፊቷ ላይ አሰረው።

ይህ ደግሞ ምንድን ነው? አለችው በዓይኗ።

ኦመር የአገሩ ሰው፣ ሱዳናዊ ነው፤ መናገር የማይችል ሰው ዓይን ማንበብ የሥራው ግማሽ ነው። «ቱቦው ወጣ ማለት አለቀ ማለት አይደለም» አላት በዓረብኛ። «ደረትሽ ደክሟል። እስኪያቅትሽ አንጠብቅም፤ ማሽኑ ከአሁኑ ያግዝሽ። አየሩን አትታገዪው። በራሓ፣ በራሓ።»

ቀስ በይ ማለቱ ነው። ሰርክአዲስ ግን ቀስ ማለት የት ታውቅና። አል-ሳሃፋ ሰፈር በሚገኘው ፀጉር ቤቷ ሹሩባ እየሠራች ስታወራ የምትውል፣ ደንበኞች ለጨዋታዋ ሲሉ ከማዮ ሰፈር ድረስ የሚመጡላት ልጅ ናት። በቆየው አስሟ ላይ የሳንባ ምች ተጨምሮ ጣላት እንጂ። ማሽኑ አየር ሲገፋባት የታፈነች መሰላት፤ ጭምብሉን ገፋችው። ኦመር መለሰው። ደግማ ገፋችው።

ትንፋሿ እየፈጠነ፣ የኦክስጅን መጠኗ እየወረደ ነበር። በዚህ ከቀጠለች ቱቦው ተመልሶ መግባቱ ነው። ኦመር በሩን ከፍቶ «የሰርክአዲስ ዘመድ አለ?» ሲል ሰማችው። ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ በየነ መድኃኒት ሊገዙ ወጥተዋል።

«አለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ድምፁን አወቀችው። ስለሺ ነው።

ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር፣ ወርሻ በሚሉት የብረት መሥሪያ ቤት ይበይዳል። የፀጉር ቤቷን በር ሊጠግን መጥቶ ነው የተዋወቁት። እሷ ስታወራ እሱ እየሰማ ዓመት ቆዩ። ሽማግሌ እልካለሁ ባለበት እሑድ ግን ጋሽ በየነ ጋቢያቸውን ለብሰው እስኪመሽ ቢጠብቁ ማንም ብቅ አላለም። በማግስቱ ሲደውል ስልኩን አላነሳችለትም፤ ከዚያ ወዲህም እንደዚያው። መታመሟን ማን እንደነገረው አላወቀችም።

የሆስፒታል ካባ ከሥራ ልብሱ ላይ ደርቦ አልጋዋ አጠገብ ቆመ። ዓይኗን አዞረችበት።

«እሷ ማውራት የለባትም» አለው ኦመር። «አንተ አውራላት፤ ትረጋጋ።»

«ምን ላውራ?»

«ያሻህን። ብቻ ዝም አትበል።»

ስለሺ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድልድዩ ዛሬ ተጨናንቆ ነበር» አለ። ኦመር በእጁ ቀጥል አለው። «ጋሽ ጀምበሬ፣ የወርሻው ባለቤት፣ ለአንድ ሀብታም የመስኮት ፍርግርግ ሠሩ። ወስደን ስናየው... ቤቱ ገና መስኮት አልወጣለትም።»

ሰርክአዲስ ሳቋ መጣ። ሳቁን ስታፍን ከአየሩ ጋር መታገሏን ረሳችው፤ ማሽኑ ሲገፋ ደረቷ ተቀበለው። ኦመር እንዲያ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስለሺ ይህን ሲያይ ደፈረ። ስለ ብየዳው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ፍየል አወራ። ወሬው ሲያልቅበት እጆቹን አየና እንዲህ አለ፦

«ያን እሑድ መጥቼ ነበር።»

ዓይኗን መለሰችለት።

«እዚህ አገር አባት የለኝ፣ አጎት የለኝ። ሽማግሌ ሁኑኝ ብዬ ሰው መለመን አቃተኝ፣ ሰርኬ። ብቻዬን በራችሁ ድረስ መጣሁ። ጋሽ በየነ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ሳልይዝ ብገባ ናቀን የሚሉ መሰለኝና ተመለስኩ። ልነግርሽ ስደውል አላነሳሽም።»

ብዙ የምትለው ነበራት። አንዱንም ማለት አልቻለችም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ የብየዳ ፍንጣሪ የጠባሰውን እጁን ያዘች።

ጋሽ በየነ መድኃኒቱን ይዘው ከመስታወቱ ማዶ ቆመው ነበር። የተያያዙትን እጆች አይተው ወደ አግዳሚው ተመለሱ።

እኩለ ቀን ላይ ኦመር ጭምብሉን አውርዶ አፍንጫዋ ላይ ሞቅ ያለ እርጥብ ኦክስጅን የሚነፋ ቀጭን ቱቦ አደረገላት። «ትንሽ እረፊ፤ ከሰዓት ወደ ጭምብሉ እንመለሳለን» አላት። ቀና አድርጎ አስቀምጧት አክታዋን አስወጣት።

«ሞኝ» አለች ሰርክአዲስ። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ የራሷ አልመሰላትም።

«አታውሪ ተብለሻል» አላት ስለሺ።

«ይህቺን ብቻ። ሽማግሌ እኔ እፈልግልሃለሁ። አንተ ልብስህን እጠብ።»

ቱቦው አልተመለሰም። ጭምብሉንና የአፍንጫውን ኦክስጅን እያፈራረቁ አሳደሯት፤ እየዋለ እያደረ ያለ ማሽን መተንፈስ ቻለች፤ ወደ ቤቷም ገባች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የጋሽ በየነ በር ተንኳኳ። ጋሽ ጀምበሬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ኦመር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ገቡ። ጋሽ በየነ ነርሱን ሲያዩ ተገርመው ወደ እልፍኙ በር ዞር አሉ። ሰርክአዲስ ከበሩ ኋላ ሆና ትሰማለች።

ጋሽ ጀምበሬ ልጁ ታማኝ፣ እጁ የተባረከ መሆኑን በሰፊው ተናገሩ። ኦመርም ተራው ሲደርስ በዓረብኛ «ብዙ የታማሚ ቤተሰብ አይቻለሁ፤ እንደሱ ከሆስፒታሉ በር የማይጠፋ አላየሁም» አለ።

ጋሽ በየነ ወደ ውጭው በር አዩ።

«ልጁ አሁን የት ነው?»

«እመንገዱ ዳር ቆሟል፤ ፀሐይ ላይ» አሉ ጋሽ ጀምበሬ።

«በሉ ጥሩት። ሰው ከገዛ ቤቱ ውጭ ምን ያቆመዋል?»

ጋሽ ጀምበሬ ሊነሱ ሲሉ ሰርክአዲስ ከበሩ ኋላ ወጣች። ገና መሮጥ አልተፈቀደላትም። አጎቷንም ሽማግሌዎቹንም በፈገግታ አልፋ፣ እየተራመደች ልትጠራው ወጣች።