ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቁልቁል

የአንኮበርን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምሩ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ዋጣቸው። ማኅደረማርያም የኢንሱሊኑን ብልቃጦች በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አሥራለች። ናዳ የመኪናውን መንገድ ቆርጦታል፤ ታች አልዩ አምባ አጠገብ የሚኖሩት አባቷ ቄስ ገብረ ሕይወት ደግሞ መድኃኒታቸው አልቆ ከጠዋት ጀምሮ እያስመለሳቸው ነው። ዛሬ ካልደረሰችላቸው አባት የላትም።

«ስንት ይቀረናል፣ አባባ?»

«ይቺው ናት፣ ልጄ! ደረስን እኮ!» አሉ አብሯት የሚወርዱት አብዱልሀሚድ። ከአንኮበር ገበያ ወደ አልዩ አምባ የሚመለሱ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ዝናቡ እስኪያባራ እንቆይ ቢሏት አሻፈረኝ ስላለች ብቻዋን አልሰድም ብለው ተከተሏት።

ስልኳ በቀጥታ መስመር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይላል። ለማኅደረማርያም እንዲህ ያለ መስመር እንጀራዋ ነው፤ አሁን ለዕረፍት አገሯ ገብታ ነው እንጂ አልማቲ በምትባል የመካከለኛው እስያ ከተማ ተቀምጣ የጭነት አውሮፕላኖችን በረራ ታሰላለች። ከአልማቲ ታሽከንት ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ተኩል ያርፋል። ታዲያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ምን ርቀት ነው?

ዝናቡ ወረደ። መንገዱ ጭቃ፣ ጭቃው ጎርፍ ሆነ። ድንጋይ ከላይ እየተንከባለለ ከጽዱ ግንድ ጋር ሲላተም ይሰማል፤ የት እንደሚያርፍ ግን አይታይም። ደጋግማ ጠየቀች፤ ደጋግመው «ይቺው ናት» አሏት። የአገሩ ሰው መንገደኛው ጉልበቱ እንዳይከዳው ርቀቱን አሳጥሮ ይነግረዋል። የተማረችው ልጅ ግን የስሌት ውጤት ይመስል አመነቻቸውና መሮጥ ጀመረች።

ጠባቡ መታጠፊያ ላይ እግሯ ከዳት። አዛውንቱ ክንዷን ለቀም አድርገው ወደ ኋላ ወረወሯት፤ እሳቸው ግን ተንሸራተው ወረዱና ከአንድ የወይራ ጉቶ ጋር ተላተሙ። ወርዳ ስታያቸው ቅልጥማቸው ተሰብሯል።

ገና ሳይመሽ ከጉሙ ውስጥ ጅብ ጮኸ። ሌላው ከበታቻቸው መለሰለት።

«አሁንስ ስንት ይቀራል?» አለች።

አብዱልሀሚድ የተሰበረ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሩቅ ነው» አሏት።

ይህ ቃል ከጅቡ ጩኸት ይልቅ አስፈራት።

«ተሸክሜዎት እሄዳለሁ!»

«ሁለታችንም እንቀራለን። ወንዙን በግራሽ ይዘሽ ውረጂ። ለእኔ አላህ አለልኝ። ሂጂ!»

እያለቀሰች ሄደች። ወንዙ ዳር ዳሩን እየናደ ያገሳል፤ ከቁጥቋጦው ኋላ የሆነ ነገር እርምጃዋን እየተከተለ ይቆማል፣ ይሄዳል። ድንጋይ ወረወረች፣ ጮኸች፣ ወደቀች፤ ብልቃጦቹን እንዳቀፈች ተነሣች።

ፀሐይ ስትጠልቅ የአባቷን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። መርፌውን ወጋቻቸው።

«ማን... አመጣሽ?» አሉ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ ትንፋሽ እያጠራቸው።

«አብዱልሀሚድ።»

«የታሉ?»

አፈረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አፍራ አታውቅም። አባቷን ለጎረቤት ሴቶች አደራ ብላ ወደ ደጅ ወጣች፤ ወንዶቹን ተጣራች። ጅቡን ፈርተው ቢያመነቱ ችቦ ነጥቃ ቀድማቸው ጉሙ ውስጥ ገባች። ቃሬዛ ይዘው ተከተሏት።

«አባባ!» አለች ከጉቶው በታች ቆማ። እንደገና ጮኸች።

«ልጄ» አለ ከላይ የደከመ ድምፅ፣ «አባትሽስ? ደረስሽላቸው?»