በባለመስኮቷ ሆድ ያደረው ሰዓት

የከብት ምርምር ጣቢያው ዶክተር መኖ በሚብላላበት ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ፣ የናሙና ባልዲውን እንዳቀፈ ነበር የተገኘው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያየችው አላቢዋ ናት፤ ክው ብላ ቀረች።

የፈራችው ሬሳውን ብቻ አይደለም። ተከትፎና ታምቆ የተሸፈነ የበቆሎ አገዳ ሲብላላ ሰው የሚያፍን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም እታች ይተኛል። ስለዚህ ሰው ከመውረዱ በፊት ማራገቢያው አንድ ሰዓት ሙሉ ይሠራል። እሱን በየማለዳው የምታበራው እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የተጫነችውን ማብሪያ ዛሬ መጫኗን ላስታውስ ብትል፣ እንደ ክፉ ቀን ሆኖባት ጭራሽ አልመጣልሽ አላት። እስር ቤት ብትገባ ልጇ ከእሷ በቀር ማንም የላትም።

ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚሉት መርማሪ መጣ። ሲራመድ መሬቱን የሚያስፈቅድ ዓይነት ሰው ነው።

«ጠዋት የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሹፌሩ ጋር ወተት ላደርስ ወጣሁ። አራት ሰዓት ላይ መለሰኝ።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ብቻዬን ነበርኩ» አለች፤ ወንጀል ያመነች መሰላት።

የዶክተሩ ምክትል ቀጠለ። «እኔ አራት ሰዓት ላይ በዚያው መኪና ወደ ስብሰባ ሄድኩ። ስወጣ ዶክተሩ በረቱ ውስጥ ቆሞ የመኖ ከረጢቱን አፍ ሲያስር በዓይኔ አይቼዋለሁ። መዝገቡም ይኸው፦ ‹ከረጢት ገባ፣ ስድስት ሰዓት›። ስድስት ሰዓት ላይ ጊቢው ውስጥ ከእሱ ሌላ ማን እንደነበረ አሁን ሰምተዋል።»

አላቢዋ ዶክተሩን ከተመለሰች ወዲህ አላየችውም፤ ግን ማን ያምናታል?

«ከረጢቱ ምንድን ነው?» አለ መርማሪው።

አላቢዋ ወደ ባለመስኮቷ ላም ወሰደችው። የላሚቱ ግራ ጎን ላይ ሐኪም የከፈተው፣ በጎማ የሚከደን ቀዳዳ አለ፤ በቀጥታ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያስገባል። የተመዘነ ድብልቅ መኖ በናይለን ከረጢት ታስሮ እዚያ ይቆይና ሲወጣ ምን ያህሉ እንደተፈጨ ይታያል።

«አውጪልኝ።»

«አይሆንም» አለ ምክትሉ፣ «ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ጥናቱ ይበላሻል።»

መርማሪው ትንሽ አየውና «ይበላሽ» አለ። አሥር ሰዓት ነበር። ከረጢቱን አጥባ፣ መፈጨቱ እንዲቆም በረዶ ቤት ውስጥ አስቀመጠችው፤ መርማሪው ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ማለዳ ተመልሶ መጣ። ያንኑ ድብልቅ፣ ገለባ፣ ፉርሽካና ሞላሰስ፣ በሁለት ከረጢት አስመዘናት። አንዱን አንድ ሰዓት ላይ፣ ሌላውን ስድስት ሰዓት ላይ አስገባች። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም ለመጠየቅ ፈራች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ምክትሉንና ሹፌሩን በረቱ ውስጥ ሰበሰበ። አላቢዋ እጇን እስከ ትከሻዋ ሰድዳ ሁለቱንም አወጣች። የገዛ መሰቀያ ገመዷን የምትጎትት መሰላት። ከትናንቱ ጋር ሦስቱ ከረጢቶች ነጭ ትሪ ላይ ተዘረገፉ።

«ይኼ አራት ሰዓት ብቻ የቆየው ነው» አለ መርማሪው፤ «ፉርሽካው ገና ይታያል፤ ገለባውም ጠንካራ ነው። ይኼ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት የቆየው፤ ፉርሽካው አልቋል፣ ገለባው ላሽቋል። አሁን የትናንቱን እዩት። የቱን ይመስላል?»

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ዘጠኝ ሰዓት የቆየውን። ቁርጥ እሱን።»

«ስለዚህ ትናንት ከረጢቱ የገባው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ታዲያ እርስዎ አራት ሰዓት ላይ ሲታሰር ያዩት ከረጢት፣ ያኔ ላሚቱ ሆድ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሞልቶት ነበር። መዝገቡን የለወጡት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ዶክተሩ በሕይወት የነበረ እንዲመስል። ሁለት ቀን ቢቆይ ኖሮ የአምስት ሰዓት ልዩነትን ማንም አይለይም ነበር፤ እንዳይወጣ የተከራከሩኝም ለዚህ ነው።»

ምክትሉ ወደ አላቢዋ ጠቆመ። «ማራገቢያውን ያላበራችው እሷ ብትሆንስ?»

አላቢዋ የፈራችው ጥያቄ መጣ።

መርማሪው ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ትናንት ማለዳ ስትወጡ ምን ሰማህ?»

«ኧረ ምን ይሰማል፣ ማራገቢያው እየጮኸ። ‹ነይ ግቢ› ብዬ ሦስቴ ጠራኋት፤ አልሰማችኝም።»

«እናንተ ስትወጡ ጊቢው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው» አለ መርማሪው። «አንደኛው ጉድጓዱ የተናፈሰ መስሎት ወረደ። ሌላው ማራገቢያውን ገና ሰዓቱ ሳይሞላ አጥፍቶታል። በዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ያልተላከ ደብዳቤ አግኝቻለሁ፤ ምክትሉ የተመሰገነበት መኖ ላሞችን ሆዳቸውን እየነፋ እንደገደለና ውጤቱ እንደተደበቀ ይናገራል።»

ምክትሉን ሲወስዱት አላቢዋ ክንዷን እንኳ ሳትታጠብ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። «አብርቼው ነበር» አለች፤ ደግማ «አብርቼው ነበር» አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማብሪያውን ተጫነች። ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ ጠበቃት፤ አልመጣችም። ማራገቢያው አጠገብ፣ እጇን ማብሪያው ላይ አድርጋ፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ቆመች። ሹፌሩም ጥሩምባ አልነፋም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃት።