ታጥቦ የማይለቅ

መምህር ወልደየሱስ በዳምቦያ ከተማ ባለው ቤቱ ጓሮ፣ በገዛ እጁ ከተከለው የኮክ ዛፍ ሥር ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ባዶ ዘንቢልና ሃያ ሁለት የኮክ ዘር ተበትኗል። ኮክ ጥርሱን ስለሚያጠርሰው በአፉ እንደማይዞር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኢንስፔክተር ዛሂራን ዕረፍት የነሳት ይኸው ነበር።

«መድኃኒት አድርገውበት ነው» አለ ጎረቤቱ ሹፌሩ ነስሩ።

«የምን መድኃኒት?»

«የሴት ነዋ። በየቅዳሜው በእኔ መኪና አዲሎ ከተማ እየሄደ፣ ማኅሌት ለምትባል ልብስ ሰፊ አንድ ዘንቢል ኮክ ያደርሳል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሰይፈሥላሴ ግን ሌላ መድኃኒት አነሳ። «ዛፉን ተባይ ሲበላው የተባይ መድኃኒት ገዛሁለት። ‹የሚበላ ነገር ላይ አይደረግም› ብሎ ጓዳ አስቀመጠው።»

«ማኅሌትን ያውቋታል?» ስትል ዛሂራ የሟቹን ሚስት ትርፊትን ጠየቀቻት።

«ጓደኛዬ ናት ይለኛል። ዘንቢሉንም የምሞላለት እኔው ነኝ» አለች ትርፊት። ቅናቱ ከድምፅዋ ይልቅ ነጠላዋን ከሚጠመዝዙት ጣቶቿ ይነበብ ነበር። ዛሂራ አዘነችላት፤ ግን ልብ አለች።

የምርመራው ውጤት እንደመጣ ሦስቱን ሰበሰበችና በሳህን ኮክ አቀረበች።

«መምህሩን የገደለው ዛፉ ላይ የተረጨ የተባይ መድኃኒት ነው። ይህን ከዚያው ዛፍ ለቅሜ በጨው ሦስቴ አጥቤዋለሁ። ቅመሱት።»

ነስሩ አመነታ። ሰይፈሥላሴ አንዱን አንስቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ትርፊት እጁን መታችው።

«ተው፤ ቢታጠብም አይለቅም።»

ዛሂራ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ይህን የገዛሁት ከገበያ ነው። ከዛፉ የተለቀመው ግን ልጣጩ ንጹሕ፣ ውስጡ መርዝ ነው። ስለዚህ አልተረጨም፤ ሥሩ ላይ ፈስሶ ዛፉ ጠጥቶታል። መታጠብ እንደማያስለቅቀው የሚያውቅ ደግሞ ያፈሰሰው ብቻ ነው። መምህሩ ኮክ አይበሉም፤ እንግዲህ የታሰበው ለማኅሌት ነበር።»

ትርፊት አልካደችም። «እንዲያማት ብዬ ነው። እሱ ምን ሲል በላው?»

«ማኅሌትን ጠይቄያታለሁ፤ ‹ባለትዳር ነዎት፤ ሁለተኛ እንዳይመጡ› ብላ ከነዘንቢሉ መለሰቻቸው። በእጃቸው የተከሉትን መጣል አልሆነላቸውም። ሙሉ ዘንቢል ይዘው ወደ ቤት ቢገቡ ደግሞ እርስዎ ምን እንደሚሏቸው ያውቁታል። እርስዎን ፈርተው በሉት።»