ሶላሩን የጋረደው

ይህን የምነግራችሁ ከጭንቅላቴ አውጥቼ አይደለም። በእኔና በወንድሜ ላይ የደረሰ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ጫካም አልነበረም።

ኅዳር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከዳባት ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ... ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች።

ጸሎት እባላለሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቼ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። ወንድሜ ልዑልቃል ሹፌር ነው። የአሮጌ ሚኒባሱን ወንበሮች ነቅሎ ቱሪስት የሚያድርባት ቤት ሊያደርጋት ተነሳ። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን እሱ ሠራ። መብራቱን እኔ ዘረጋሁ፣ ትንሽ ፍሪጅም ገጠምኩ። ጣራዋ ላይ ሁለት ሶላር፣ አልጋው ሥር ባትሪ፣ ከመሪው ጎን ደግሞ እያንዳንዱ ሶላር ምን ያህል እንደሚሰጥና ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው የምታሳይ ትንሽ ስክሪን። በገዛ እጄ ነው የገጠምኳት። የእያንዳንዷን ሽቦ መነሻና መድረሻ አውቃለሁ።

ቱሪስቱ ግን ቀረ። መኪናዋም ግቢ ውስጥ ቆመች።

ከዚያ አባታችን ታመሙ።

መሪጌታ ሰውአገኝ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሊማሊሞ ዳገት ግርጌ ባለችው በዛሪማ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ተጎድቶ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ አቃታቸው። አምቡላንስ ፈልገን አጣን። ስለዚህ ከሰው የኦክስጅን ማሽን ተውሰን፣ በዚያችው ሚኒባስ ዛሪማ ወረድን። ማሽኑን አልጋው አጠገብ አሰርኩና በባትሪው አስነሳሁት።

"ጎንደር ያደርሰናል?" አለኝ ልዑልቃል።

"ፀሐይ ካለች ያደርሰናል።"

ሊማሊሞን ስንወጣ ባትሪውን ከሞተሩ የሚሞላው ገመድ ጨሰ... ተቃጠለ። መለወጫ አልያዝኩም። ደባርቅ ስንደርስ ከተማው መብራት ጠፍቶበታል። አባባ የሚያስፈልጋቸው ሐኪም ደግሞ ጎንደር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለን ፀሐይ ብቻ ነበር።

ዳባትን እንዳለፍን የኋለኛው ሶላር ቁጥር መውረድ ጀመረ። ወረደ... ወረደ... ዜሮ ሆነ።

"አቁም" አልኩት።

ጣራው ላይ ወጣሁ። መስታወቱ ንጹሕ ነው። ገመዱ ደህና ነው። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም።

የፊተኛውን ሶላር ስነካው አቃጠለኝ።

የኋለኛውን ስነካው... እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ። ጤዛ ነበረበት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጤዛ።

ወርጄ "ገመድ ነው" አልኩት። ዋሸሁት። ምን ልበለው?

ትንሽ እንደሄድን አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን አወዛወዘልን። ልዑልቃል አቆመ።

"ምነው ሰውየውን ከላይ ጫናችሁት?" አለን። "በዚህ ብርድ... ሸጋ ሥራ አይደለም።"

"የቱን ሰውዬ፣ አያ?"

ገበሬው ጣራውን ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ተለወጠ። አማተበና ወደ ማሳው ገባ።

ልዑልቃል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየ። ማንም የለም። መንዳት ቀጠለ።

ያኔ ነው ጥላውን ያየሁት።

በግራችን የታጨደ የገብስ ማሳ ነበር። የመኪናችን ጥላ በማሳው ላይ ይሮጣል። ጣራው ላይ፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ... አንድ ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

"ልዑል..." አልኩት በሹክሹክታ። "ወደ ግራ እይ። ቀስ ብለህ።"

አየ። እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

"ንዳ" አልኩት። "ዝም ብለህ ንዳ።"

ነዳ። የተቀመጠው ጥላ ግን ተነሳ... በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ፊት መጣ። የፊተኛው ሶላር ቁጥርም አብሮ ወረደ።

ዜሮ።

ከኋላ ማሽኑ መጮኽ ጀመረ። በፊቶቹ ወንበሮች መሃል ሾልኬ ወደ አልጋው ሄድኩ። የአባባ ከንፈር ጠቁሯል። ፍሪጁን ነቀልኩ። መብራቱን ነቀልኩ። የሚነቀል ነገር ሁሉ ነቀልኩ።

"ሰባት በመቶ" ይላል ልዑልቃል ስክሪኑን እያነበበ። "ስድስት..."

ጣራውን በጡጫዬ ደበደብኩት።

"ውረድ። እባክህ ውረድ። አባቴ እየሞቱብኝ ነው።"

ከላይ... መልሶ ተንኳኳ። በቀስታ።

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ።

"በርዶት ነው... ጸሎቴ።"

"ማንን ነው አባባ?"

"ከዛሪማ ጀምሮ ከላይ ነው" አሉ። ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። "አስገቢው።"

"እንዳትከፍቺ" አለ ልዑልቃል። "በእናታችን አፅም፣ እንዳትከፍቺ።"

"ስንት ቀረ?"

ስክሪኑን በእጁ ሸፈነ።

"ልዑል፣ ስንት ቀረ?"

"ሦስት።"

"አቁም።"

እያለቀሰ አቆመ።

የጎን በሩን ከፈትኩት። ማሳው፣ ነፋሱ፣ ፀሐይዋ... ሌላ ምንም የለም።

"ግባ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

መጀመሪያ የጣራው ቆርቆሮ ጓ አለ። ከዚያ መኪናዋ በበሩ በኩል ዝቅ አለች... ሰው ሲሳፈርባት እንደምታደርገው። ብርድ ጉልበቴን ታክኮ አለፈ።

በሩን ዘጋሁት።

"መጣ" አለ ልዑልቃል ከፊት። "ሁለቱም ሶላር መጣ።"

ማሽኑ ጩኸቱን አቆመ። አባባ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ ዘረጉና ጨበጡ... የሰው እጅ እንደሚጨበጥ። እስከ ጎንደር አልለቀቁም።

እኔ በሩ ሥር ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። ዓይኔን መክደን ፈራሁ።

አባታችን ተርፈዋል። አሁን ዛሪማ ናቸው። ስለዚያ ቀን ስጠይቃቸው "ደክሞኝ ነበር፣ ምንም አላስታውስም" ይሉኛል። ልዑልቃል ያቺን መኪና ዳግመኛ አልነዳትም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የሆስፒታሉ ደረጃ ነው።

ቃሬዛ አመጡልን። ሊያግዘን የመጣው አንድ ዘበኛ ብቻ ነበር። እሱና ልዑልቃል ከፊት ያዙ። እኔ ከኋላ፣ በአባባ እግር በኩል፣ የግራውን እጀታ ያዝኩ። ለቀኙ ሰው አልነበረም።

"ጠንክረሽ ያዢ እህቴ፣ ወደዚያ እንዳያዘነብል" አለኝ ዘበኛው።

አነሳን።

ቃሬዛው አላዘነበለም።

ማንም ያልያዛት እጀታ ከእኔዋ እኩል ከፍ ብላ... ከጎን ከጎኔ... ደረጃውን ወጣች።