በጠጅቱ ስም የተፈረመ ወረቀት

አቶ ሚደቅሳ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልደታ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ላስቲክ በወጠረባት ዳሱ ተቀምጦ የሰውን አቤቱታ ሲጽፍ ኖሯል። ባሏ የከዳትን፣ ቤቱን የተቀማውን፣ ደመወዙ የቀረበትን ሁሉ ብሶት ጠይቆ፣ አዳምጦ፣ በጥሩ አማርኛ ለዳኛ ያቀርባል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ጌጃ ሰፈር ካለች ጠባብ ቤቱ ሲገባ ለገዛ ሚስቱ አንዲት ቃል መናገር ያቃተው... ካንሰር የምትለዋን ቃል!

ጠጅቱ በ2003 ክረምት ግራ ውስጥ እግሯ ላይ የወጣውን ጥቁር ነገር «ኪንታሮት ነው» እያለች በምላጭ ስትቀርፈው ከረመች። ጥቅምት ላይ ምርመራው የቆዳ ካንሰር መሆኑን፣ ብሽሽቷ መድረሱንም አሳየ። ለእሷ ግን «የቆየ ቁስል ነው፣ ይድናል» ተባለ። እንዲህ እንዲባል ያደረገው ሚደቅሳ ነው። እናቱ የበሽታዋን ስም ከሰማችበት ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላ በሳምንቷ አርፋለችና፣ ሰውን የሚገድለው ወሬው ነው ብሎ ያምናል።

አንድ ቀን ጠዋት የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነችው አንድያ ልጃቸው ቢፍቱ እያለከለከች ዳሱ ድረስ መጣች።

«አባዬ፣ ሐኪሟ ዶክተር በድሉ ውጭ አገር የሚሞከር ሕክምና አገኘላት! ጭኗ ጡንቻ ውስጥ ጂን የሚሉትን የዘር ቅንጣት በመርፌ ያስገባሉ፤ ሥጋው እንዲቀበለው በትንሽ ኤሌክትሪክ ነዘር ያደርጉታል። ከዚያ ጡንቻዋ ራሱ የሰውነቷን መከላከያ የሚቀሰቅስ ነገር እያመረተ ካንሰሩን ያስዋጋላታል። ወጪው በነሱ ነው።»

«ትድናለች?»

«ሙከራ ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ዕጢው ቀንሷል። ግን ቅጹ ተነቦላት፣ በሽታዋን አውቃ፣ ራሷ መፈረም አለባት።»

«ካንሰር ነው ብለን?»

«ካንሰር ነው ብለን።»

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ልትቀብሪያት ነው እንዴ የመጣሽው? ተይው፣ ለእኔ ተይው!»

ሚደቅሳ ውክልና ያልከፈተው በር አይቶ አያውቅም። የታሰረ ሰው፣ የራቀ ሰው፣ አልጋ የያዘ ሰው ጉዳይ በውክልና ሲያልቅ ነው የኖረው። ጠጅቱን «ለቤቱ ካርታ ነው» ብሎ ውልና ማስረጃ ወሰዳት። እያነከሰች ትስቅ ነበር።

«ምን ልትሸጥብኝ ነው ሚዴ? ከእኔ በቀር ዕቃ የለህ!»

ከዚያ ቅጹን ራሱ በስሟ ፈረመ፤ ውክልናውን አስተርጉሞ ከቅጹ ጋር በኢሜይል አስላከ። ለቢፍቱ «ነግሬያታለሁ፣ ፈርማለች። ዳግመኛ እንዳታነሱብኝ ብላለች» አላት። ልጅቱም አባቷን አመነች። አባት ባይታመን ማን ይታመናል?

መልሱ በሃያ አራተኛው ቀን መጣ። «ለሰው ሥጋ ውክልና አንቀበልም። ታማሚዋ ሰምታ ራሷ ትወስን፤ አዲስ ምርመራም ይላክልን።» ምርመራው ተደረገ... በሽታው ጭንቅላቷ ገብቷል!

«አቶ ሚደቅሳ፣ ከእንግዲህ አይቀበሏቸውም» አለ ዶክተር በድሉ አንገቱን ደፍቶ። «የዛሬ ወር ቢሆን ኖሮ...»

ቢሆን ኖሮ! ቢፍቱ ያን ቀን አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። እሱም ቤቱ ገብቶ ጠጅቱ እግር ሥር ተንበረከከና ሁሉንም ነገራት።

«ሚዴ፣ መንገደኛውን ሁሉ ‹ምን ትፈልጋለህ?› ብለህ ጠይቀህ ነው የምትጽፈው። እኔን ምነው ሳትጠይቀኝ ጻፍክብኝ?»

«እንዳላጣሽ ብዬ... ጠጄ...»

«እስቲ አንብብልኝ።»

አነበበላት። መርፌውን፣ ጭኑን፣ ንዝረቱን፣ «ሊሳካም ላይሳካም ይችላል» የሚለውንም፤ እስከ መጨረሻው አነበበላት።

«እሺ እል ነበር» አለች። «እየፈራሁም ቢሆን... እሺ እል ነበር።» እጇንም አንሥታ በነጣ ራሱ ላይ አሳረፈችው።

በየካቲት አረፈች። ያ መርፌ ያድናት ነበር? ወይስ ለጥቂት ወራት ብቻ ያቆያት ነበር? ዶክተሩም አያውቅ፣ ሚደቅሳም እስኪሞት አያውቅ! ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ናት እንላለን፤ ሰው ግን አንዳንዴ ከፍቅር ብዛት እሷን ቀድሞ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።