ስድሳ አራቱ ምልክቶች

ረቢአ የኮምፒውተሩን የፍላሽ መሰኪያ በመዳፏ ከደነችው።

«መጀመሪያ ከየት እንዳመጣኸው ንገረኝ» አለች።

ሙህዲን ፍላሹን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጎረቤቷ ነው፤ አስረኛ ክፍልም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ፍላሹ ላይ ያለው ሊኑክስ የሚባል ኮምፒውተር የሚያስነሳ ነጻ ሥርዓት መሆኑን፣ በአጎቱ ልጅ ላፕቶፕ ራሱ ከኢንተርኔት ማውረዱን፣ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ተነስቶ እንደሚሠራና የውስጡን ምንም እንደማይነካ ከትናንት ጀምሮ ሦስቴ ነግሯታል። ነጻ መሆኑ ነበር ይበልጥ ያስጠረጠራት። ደክሞ የሠራውን ነገር ለማያውቀው የከሚሴ ልጅ እንዲሁ የሚሰጥ ማን ነው?

ደግሞስ ኮምፒውተሩን ለዚህ ያበቃው ማን ሆነና! ባለፈው ሐሙስ ፊልም ላሳይሽ ብሎ የራሱን ፍላሽ ሰካ፤ በማግስቱ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። የታላቅ እህቷ የዘሃራ ፎቶ ቤት ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ይኸው አንዱ ነው። ውስጡ ከጨፋ ማዶ ያሉ የመቶ አርባ ሦስት የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ጉርድ ፎቶ አለ። ዘሃራ ሁለት ቀን ሙሉ በእግሯ ዞራ ያነሳችው ነው፤ ካሜራው ላይ የነበረውን ወዲያው አጥፍታዋለች። ፎቶው ነገ ካልገባ ልጆቹ ለፈተናው አይመዘገቡም። የኮምፒውተር ጠጋኙ ፎርማት ሳይደረግ አይነሳም ብሏል፤ ፎርማት ከተደረገ ደግሞ ፎቶው ድራሹ ይጠፋል።

ምን ነክቶት ነው ብላ ዘሃራ አርብ ዕለት ስትጠይቃት፣ ረቢአ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው» ብላ ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ዘሃራ ባቲ ገበያ ወርዳለች፤ ለዐስር ሶላት ትመለሳለች።

«አብሽሪ፣ ወላሂ አይነካም» አለ ሙህዲን።

ላቡን ሊጠርግ መሐረቡን ከኪሱ ሲያወጣ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ረቢአ ቀድማ አነሳችው። ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል የተቀላቀለበት አንድ ረጅም መስመር ብቻ ነው ያለው። ምንድን ነው ብላ አፈጠጠችበት። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ገጻቸው ላይ የሚያስቀምጡት መለያ እንደሆነ እያቅማማ አስረዳት። ስድሳ አራት ምልክት ነው። የወረደውን ፋይል በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሲፈትሹት የራሱን ስድሳ አራት ምልክት ያወጣል፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ ፋይሉ ሳይጎድል ወርዷል ማለት ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ረቢአን ደስ ያሰኛት ነገር ይህ ብቻ ነበር። ሰዎቹ በነጻ ሰጥተው ዝም አላሉም፤ አመሳክሩ ብለዋል።

«አንተ አመሳክረኸዋል?»

«አዎ» አለ፣ መንገድ መንገዱን እያየ።

«ሶባ» አለችው። ውሸት ሲሸታት ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት። «ያመጣኸውን ላፕቶፕ ክፈት። አንተ ትቀራለህ፣ እኔ እከተላለሁ።»

እንዴት እንደሆነ ሊጠይቃት አላስፈለገውም። ልጅ ሳሉ ቁርኣን ቤት ሉሃቸውን የሚያራርሙት እንደዚያ ነበር። አንዱ የተጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቀራ ሌላው በጣቱ ይከተላል፤ ሲሳሳት ሰሌዳውን ያንኳኳል እንጂ ስህተቱን አይነግረውም። የተሳሳተው ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያቃናል።

ሙህዲን ፋይሉን በፕሮግራሟ ፈትሾ የወጣውን ከላፕቶፑ ላይ ማንበብ ጀመረ። «ዘጠኝ።» ረቢአ አንኳኳች። ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁንም ገና ከዘጠኙ ላይ አንኳኳች። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም።

«ሳወርደው መጨረሻው ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠብኝ» አለ ዝቅ ብሎ። «የጎደለው ትንሽ ስለሆነ ይሠራል ብዬ ነው። ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እህትሽ ሳታውቅ ላስተካክልልሽ ብዬ...»

ረቢአ በንዴት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ጎዶሎ ነገር ይዞ መጥቶ መማሉ ነው ያንገበገባት። ልታባርረው አፏን ከፈተች፤ የመቶ አርባ ሦስቱ ልጆች ነገር ትዝ ሲላት ግን ሂድና የጎደለውን አሟልተህ ና አለችው። ላፕቶፑን ታቅፎ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት በረረ።

ሲመለስ ማውረዱ ካቆመበት ቀጥሎ እንዳለቀ ነገራት። እንደገና ቀራ፣ እንደገና ተከተለችው። ስድሳ አራተኛው ምልክት ላይ ሲደርሱ እጇ አንዴም አላንኳኳም። ሥርዓቱን ፍላሹ ላይ አዲስ ጻፈውና ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ መጣ፤ አንዱ ሞክር፣ ሌላው ጫን ይላል።

«ጫን የሚለውን ብነካስ?»

«የውስጡ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።»

«ይህንንም አልነገርከኝም» አለችና እጁን ገፋ አድርጋ የመጀመሪያውን ራሷ ነካችው።

የማታውቀው ገጽ ተከፈተ። ከዚያ የዘሃራ ማህደር፣ ከዚያም ፊቶቹ አንድ በአንድ መጡ። ብልጭታው ዓይኗን ያስጨፈናት ልጅ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት እየተቀባበሉ የተነሱ ወንዶች። ረቢአ አልሃምዱሊላህ ብላ ሁሉንም ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጠችና ቆጠረች። መቶ አርባ ሦስት።

የመጨረሻውን እያየች ሳለ ዘሃራ ከነዘንቢሏ ገባች። ስክሪኑን አይታ ዘንቢሉን እዚያው በሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ነገር አይነሳም ተብሎ አልነበር እንዴ? ለመሆኑ ምን ነክቶት ነበር?»

ሙህዲን ረቢአን አየት አደረጋትና ቀደም አለ። «ያው መብራት ሄዶ ሲመጣ...»

ረቢአ ጠረጴዛውን አንኳኳች።

ዘሃራ ግራ ተጋብታ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ያንን ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች ረቢአ፤ «እኔው ላቃናው።» ለእህቷ ወንበር ሳበችላትና ከሐሙሱ ፍላሽ ጀመረች።