ልጄ ነው ብዬ የማልኩለት ሰውዬ

ይሄን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ደጅ፣ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው።

ቆራቢ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ጨምሬ ነፍሴን አላስጨንቅም። ያለችኝ አንዷ ውሸት ትበቃኛለች... እሷኑ ልነግራችሁ ነው።

የምትጽፍልኝ ልጄ ትርሲት ናት። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ስልኳን ትነካካለች። ያገባችው ዋጃ ነው፣ አሁን እሷ ቤት ነኝ። ቤቴን ጥዬ ለምን እንደመጣሁ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ቦታው ቆቦ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ሌሊት አይደለም። ሰው ከፀሐዩ ሸሽቶ ቤቱ የሚገባበት፣ ባጃጅ እንኳ ጥላ ፈልጎ የሚቆምበት ሰዓት ነው።

ሁሉም የመጣብኝ በዚያ ሰዓት ነው...

አምና ሚያዝያ ላይ አራጌ የሚባል ደላላ አንድ ሰውዬ ይዞ ቤቴ መጣ።

ሰውዬው ከመኪና ሲወርድ ቀድሞት የደረሰው ሽታው ነው።

ጨርቅ ላይ የደረቀ ሽንት አለ አይደል... እሱን። ግን ከልብሱ አልነበረም።

ከአፉ ነበር።

ፊቱ አመድ መስሏል። እግሩ አብጦ የጫማው ክር አልታሰር ብሎታል። ክንዱን ባከከ ቁጥር እንደ ጨው ያለ ነገር መደቤ ላይ ይረግፋል።

"ፍቅሩ ይባላል" አለኝ አራጌ በሹክሹክታ። "ኩላሊቱ ሞቷል። ሁለቱም።"

"እግዜር ይማረው። እኔ ጋ ምን አመጣው?"

አራጌ ወደ ልጄ ዞረ። የመለሰልኝ ፈንታው ነው። ፈንታው ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ።

"እማ... እኔ ልሰጠው ነው።"

ለካ ሳልሰማ ተመርምሮ፣ ደሙ ገጥሞ፣ ነገሩ አልቋል።

"አንድ ኩላሊት ለሰው ይበቃዋል። ሐኪሞቹ ናቸው ያሉት። ባጃጅ ይገዛልኛል፣ ካጠገብሽ ሳልርቅ እሠራለሁ።"

"እምቢ ካልኩስ?"

"እምቢ ካልሽ እንደ ኢብሮ በባሕር እሄዳለሁ።"

ኢብሮ የጎረቤቴ የሳሊሀ ልጅ ነው። ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ሦስት ዓመቱ። ድምፁን የሰማ የለም።

እሺ አልኩት።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን፣ እማማ" አለ አራጌ። "ሕጉ ለዘመድ እንጂ ለባዳ መስጠት አይፈቅድም። ወንድሙ መሆን አለበት። እርስዎ ደግሞ የሞተ ልጅ ነበረዎት አሉ። መሞቱ የትም አልተጻፈም።"



ዘላለም... የመጀመሪያ ልጄ። በሦስት ዓመቱ ትኩሳት የወሰደብኝ። አፉ አልታዘዝለት ብሎ እማዬ በማለት ፋንታ "እሜ" ነበር የሚለኝ። ከመሞቱ በፊት ፍም ረግጦ ግራ ተረከዙ ላይ ባቄላ የምታህል ጠባሳ ነበረችው። ቀጥሎ የተወለደውን ልጅ፣ በእሱ ፈንታ መጣልን ብለን ፈንታው አልነው።

ምስክር እንድትሆነኝ ሳሊሀን ለመንኳት።

"ወላሂ አላደርገውም፣ አስረሳሽ። የሞተ ልጅ ስም ለሌላ ሰው ይሰጣል እንዴ?"

"ልጄ እንዳይሄድብኝ ነው።"

"አውቃለሁ። ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው? ግን አላደርገውም።"

አራጌ የራሱን ምስክሮች አመጣ። ጽሕፈት ቤት ሄድን። የአንገቴን መስቀል ጨብጬ ማልኩ።

"ዘላለም ነው። ከማሕፀኔ የወጣ ልጄ ነው።"

ሰውዬው እጄን ያዘ። እጁ እርጥብ ነው... የተገፈፈ ዶሮ ነው የሚመስለው። ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ትንፋሹ ቀሚሴን ዘልቆ ገላዬ ላይ ደረሰ።

ቤት ገብቼ ቀሚሱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

አልለቀቀም።

ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ፈንታው በአንድ ወር ተኩሉ ተመለሰ። ጎኑ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ባጃጁም መጣ። ቆቦ ጎብዬ፣ ቆቦ ጎብዬ ሲል ይውላል። እኔም የፈራሁት ቀረልኝ ብዬ ለአምላኬ ሰገድኩ።

እስከ ጥቅምት ድረስ...

አንድ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ደጃችን መኪና ቆመ።

ሰውዬው ነው። ወፍሯል። ፊቱ ወዝ አውጥቷል።

ውሻችን ለባዳ ሰው አይተኛም። ፈንታው ከቡችላነቱ ጀምሮ አጉርሶ ያሳደገው ነው። ጭራውን እየቆላ ሄዶ ሰውዬው እግር ሥር ተኛለት።

ሳያንኳኳ ገባ። ኩባያዎቹ ብዙ ናቸው፣ እሱ የፈንታውን ለይቶ አነሳ። ውሃ ቀድቶ ጠጣ። ሲጨርስ ጣቱን ኩባያው ውስጥ አስገብቶ የቀረችውን ጠብታ ጠረገና ላሰ።

ይሄ የፈንታው አመል ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

ሰውዬው ጥቁር ፌስታል ይዟል። ከሥሩ ደም ይንጠባጠባል።

"ምንድነው እሱ?"

"የፍየል ኩላሊት ነው። ለወንድሜ። የወሰድኩበትን ልተካለት ብዬ።"

ሳቀ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው። ጾም ነው።"

"እሺ፣ ለእኔ ጥበሺልኝ።"

አልጠበስኩም።

ጥሬውን በላው። እያኘከ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ደሙ አገጩ ላይ ሲወርድ በእጁ ጠርጎ እጁን ላሰ።

ሲወጣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ።

"አልዋሸሽም እኮ... አሁን ሥጋሽ ውስጤ አለ። ደህና ዋይ፣ እሜ።"

እሜ...

ይቺን ስም የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እኔና ሳሊሀ ብቻ ነን። ሳሊሀን ጠየቅኋት።

"ለማን ብዬ እነግራለሁ?" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ "አስረሳሽ... ያ ሰውዬ ማነው?"



በየረቡዑ መጣ። በየረቡዑ ሰባት ሰዓት።

እሱ ሲወፍር ፈንታው ከሳ። ባጃጁ ደጃችን ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ቅጠል ረገፈበት። ልጄን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። መረመሩት፣ ደሙንም ሽንቱንም አዩት።

"የቀረው ኩላሊቱ ጤነኛ ነው። ምንም የለበትም" አሉኝ።

አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ግንባሩን ልስም ጎንበስ ስል...

ሽታው።

የልጄ አፍ ያንን ሰውዬ፣ ያንን ሰውዬ ይሸታል።

ተጸየፍኩት። የወለድኩትን ልጅ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳልስመው ፊቴን አዞርኩ። ውሻውም ያን ሰሞን ፈንታው ሲነሳ ጥርሱን ያሳየው ጀመር።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣

"በምላስሽ ነው የታሰረው። ዓይኑን እያየሽ ልጄ አይደለህም በዪው። ሦስት ጊዜ። የፈለገውን ቢያሳይሽ ፊትሽን እንዳታዞሪ" አሉኝ።

ረቡዕ ደረሰ።

ደጅ ላይ ሳፋዬን አስቀምጬ የፈንታውን ሸሚዝ አጥባለሁ። ውሃው ከእንስራ የተቀዳ ነው፣ እጅ ያደነዝዛል። ፈንታው ውስጥ ተኝቷል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን መጣ። ተነስቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"ልጄ አይደለህም።"

ፈገግ አለ። የእኔን ዱካ ስቦ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠ።

"ልጄ አይደለህም።"

"እግሬን አቃጠለኝ፣ እሜ..."

ድምፁ ቀጥኗል። የሕፃን ድምፅ ነው።

ቀስ ብሎ የግራ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን ላጠ። ተረከዙን ወደ እኔ አዞረ።

ባቄላ የምታህል...

ጠባሳ አይደለችም። ቁስል ናት። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የተቃጠለች። ዳሯ ጠቁሯል፣ መሃሏ ያዣል። የተቃጠለው ሥጋ ሸተተኝ፣ ልክ ያኔ ዘላለምን ከፍሙ ላይ ሳነሳው እንደሸተተኝ።

 

አላስቻለኝም።

ፊቴን ወደ ቤቱ አዞርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩና ሦስተኛዋን አልኳት።

"ልጄ አይደለህም።"



ዓይኔን ስገልጥ ፊት ለፊቴ ፈንታው ቆሟል። በሩ ላይ። ለካ ነቅቶ ወጥቶ ኖሯል፣ ሦስተኛዋ ቃሌ ያገኘችው እሱን ነው።

ሽታው የለም። ፊቱ ጠርቷል። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እንደ ድሮው።

"ፈንታዬ..." አልኩ።

ግራ ገብቶት አየኝ። ደጁን አየ፣ ባጃጁን አየ። ከዚያ ለማያውቀው ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

"ይቅርታ፣ እትዬ... ይሄ የማን ቤት ነው?"

ከኋላዬ ቲስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞርኩ።

ሰውዬው የግራ እግሩን ሳፋው ውስጥ ነክሯል። ያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከነፈንታው ሸሚዝ... ይንተከተካል።